የ20 ብሯ ትኬት እና የ20 ብሯ እቁብ

(በአንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር። ከጥቂት እርማት በቀር እንደተነገረ ነው የተጻፈው።)

ጤና ይስጥልኝ። እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን ዋላችሁ? ከኋላ የቆማችሁ ወጣቶች፣ እባካችሁ ቀረብ በሉ፤ እዚህ ፊት ባዶ ወንበር አለ። ስልካችሁን አውጡ። አዎ፣ አውጡት፤ የሌላ ስብሰባ ሰው ዝጉ ይላችኋል፣ እኔ ካልኩሌተሩን ስለምፈልገው ክፈቱ እላለሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ ጥያቄ ነው፦ መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ሰዎች ከቁማር መከልከል አለበት ወይ? ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። መጀመሪያ ትኬቷን ገልጠን ሒሳቧን እናያለን። ቀጥሎ፣ ድሃውን በስም ለይተው የከለከሉ አገሮች ምን እንዳጋጠማቸው እናያለን። በመጨረሻ እኛ ዘንድ ቢደረግ ይሠራል የምለውን እናገራለሁ። የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ታገሡኝ። ሒሳቡን ሳናውቅ ስለ ሕጉ ብናወራ ትርፉ ጭቅጭቅ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። "ልጅሽ ቁማርተኛ ሆነ" ብትሏት የምትጣላችሁ እናት፣ "ልጅሽ ቤቲንግ ይቆርጣል" ብትሏት "እሱማ ኳስ ነፍሱ ነው" ትላችኋለች። ስሙ ተቀየረና ነውሩ ቀረ። በሕጉም ቢሆን ውርርዱ በሎተሪ ጥላ ሥር ነው የገባው። ለአወራራጅ ድርጅቶች ፈቃድ ሲሰጥ የቆየው ብሔራዊ ሎተሪ ነው፤ ያው ከ1950ዎቹ ጀምሮ በአዟሪ እጅ ትኬት ሲሸጥልን የኖረው። ሻጩም ፈቃድ ሰጪውም አንድ ቤት ሆነው ቆዩ ማለት ነው። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

እሺ፣ ወደ ትኬቷ። አንድ ጨዋታ እንውሰድ። ግድግዳው ላይ ባለሜዳው 2.10፣ አቻ 3.30፣ እንግዳው 3.40 ተብሎ ተለጥፏል። እነዚህን ቁጥሮች እንዴት ነው የምናነባቸው? ብዙ ሰው "100 ባስይዝ 210 ይሰጠኛል" ብሎ ያነባቸዋል። ልክ ነው፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው ያነበበው። ሌላውን ግማሽ ለማንበብ 1ን ለእያንዳንዱ ኦድ፣ ማለትም ለእነዚያ ለተለጠፉት ማባዣ ቁጥሮች፣ አካፍሉ። 1 ሲካፈል ለ2.10፣ 0.476። ለ3.30፣ 0.303። ለ3.40፣ 0.294። አሁን ደምሩ። ስንት መጣ? 1.073። ጨዋታው ከሦስቱ በአንዱ ማለቁ አይቀርም፤ ስለዚህ ድምሩ 1 መሆን ነበረበት። ያቺ ከ1 በላይ የተረፈችው 0.073 የቤቱ ናት። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፣ ከምታስይዙት 100 ብር በአማካይ ወደ ተጫዋቹ የሚመለሰው 93 ብር አካባቢ ነው።

"7 ብር ነው እንዴ? ይህን ያህልማ ደላላም ይወስዳል" የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው፣ በአንድ ጨዋታ ከሆነ። ግን በ20 ብር አንድ ጨዋታ ብቻ የሚቆርጥ ማን ነው? 42 ብር ለማግኘት? ማንም። በ20 ብር ሺህ ማግኘት ነው የሚፈለገው። ስለዚህ 10 ጨዋታ በአንድ ትኬት ይደረደራል። ኦዱ ይባዛል። ኦዱ ሲባዛ ደግሞ የቤቱም ድርሻ አብሮ ይባዛል፤ ይቺን ነው ማንም የማይነግራችሁ። 1 ለ1.073 ሲካፈል 0.932 ነው፤ እሱን በራሱ አምስት ጊዜ ብታባዙ 0.70 ይመጣል። አሥር ጊዜ ብታባዙ 0.49። አሥራ አምስት ጊዜ፣ 0.35። ባለ 10 ጨዋታ ትኬት የሚቆርጥ ሰው ገና ኳሱ ሳይጀመር ከ100 ብሩ 51ዱን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጥቷል።

አሁን አንድ ሰው እናስብ። ስም አንሰጠውም። የቀን ሠራተኛ ነው፣ ማታ ማታ በ20 ብር አንድ ትኬት ይቆርጣል። ጥንቁቅ ነው፤ ትልልቅ ቡድኖችን ብቻ ነው የሚመርጠው፣ እያንዳንዳቸው 1.50 ኦድ ያላቸው፣ 10 ጨዋታ። ቢገባለት ስንት ያገኛል? 1.50ን አሥር ጊዜ አባዙ፤ 57.67። በ20 ብር፣ 1,153 ብር። ቤቱ ያንኑ 7 በመቶ እንደሚወስድ ካሰብን፣ እያንዳንዱ ጨዋታ የመግባት ዕድሉ 62 በመቶ ገደማ ነው። አሥሩም አንድ ላይ የመግባታቸው ዕድል ግን ከ117 አንድ ነው።

ከ117 አንድ። ስለዚህ በአማካይ 117 ቀን ይቆርጣል፣ 2,340 ብር ያወጣል፣ አንድ ቀን 1,153 ይደርሰዋል። እሱም ከ1,000 ብር ስለሚበልጥ፣ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ በጣለው 15 በመቶ ብናሰላው 980 ብር ነው እጁ የሚገባው። ይህ ሁሉ "በአማካይ" ነው። እንዲህ ካሉ ሰዎች መካከል ከሦስተኛው እጅ በላይ የሚሆኑት 117 ቀን ሙሉ ቆርጠው አንድም ቀን አይገባላቸውም።

ታዲያ ለምን አይተወውም? ሞኝ ስለሆነ ነው? አይደለም። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። አሥሩም የመግባታቸው ዕድል ከ117 አንድ ከሆነ፣ ዘጠኙ ገብተው አንዱ ብቻ የሚያበላሸውስ ስንት ነው? ከ19 አንድ! በስድስት እጥፍ ይበልጣል። ስምንቱ ገብተው ሁለቱ የሚያበላሹት ደግሞ ከ7 አንድ። ማለትም ይህ ሰው በየሦስት ሳምንቱ አንድ ጊዜ "አንድ ጨዋታ ነው ያቃጠለብኝ! 93ኛ ደቂቃ ላይ!" እያለ ወደ ቤቱ ይገባል። በየሳምንቱ ደግሞ "ሁለት ብቻ!" ይላል። ለእሱ ይህ መቅረብ ነው፣ ሊገባለት ትንሽ የቀረው ነው። ለሒሳቡ ግን መሸነፍ ነው፣ ያውም የተጠበቀ መሸነፍ። ትኬቷ "ተቃርበሃል" እያለች እንድትናገር ሆና ነው የተሠራችው። ነገ ተመልሶ የሚመጣው ትናንት ስለተበላ ብቻ አይደለም፤ ትናንት "የቀረበ" ስለመሰለው ነው።

አሁን ካልኩሌተሩን አስቀምጡት። እናቶች፣ ይህ ለእናንተ ነው። መርካቶ የዕለት እቁብ የጣለ ሰው እዚህ አለ? አለ። እሺ። 117 ሰዎች በቀን 20፣ 20 ብር ቢጥሉ፣ በየቀኑ ለአንድ ሰው ስንት ይወጣል? 2,340 ብር። በየቀኑ ዕጣ የሚወጣልህ ዕድል፣ እቁቡ ሲጀመር፣ ከ117 አንድ። ያው 20 ብር፣ ያው 117 ቀን፣ ያው በዕጣ። ትኬቱ 980፣ እቁቡ 2,340። ትኬቱ ላይደርስህ ይችላል፤ እቁቡ ሳይደርስህ አያልቅም። ትኬት የሚቆርጠው ልጅ የሚፈልገው ነገር እብደት አይደለም። በ20፣ 20 ብር ብቻውን ሊያጠራቅመው የማይችለውን፣ አንድ ጊዜ የሚገኝ ገንዘብ ይፈልጋል፦ የቤት ኪራይ ቅድሚያ ክፍያ፣ ለሊስትሮው ሳጥን፣ ለመንጃ ፈቃድ። አያቶቹ ለዚያው ፍላጎት መፍትሔ አበጅተው ነበር። ችግሩ የትኬቱ ቤት በየመንደሩ አለ፣ እቁቡ ግን ዋስ ይጠይቃል። ከክፍለ ሀገር ገና የመጣ ልጅ ማን ዋስ ይሆነዋል? ይህን ጥያቄ ለማኅበራችን አመራር ነው የምተወው። እየቀለድኩ አይደለም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ከመግባቴ በፊት ስለ ስልኩ ጨዋታ በአጭሩ። የኳሱ ትኬት ቢያንስ እስከ ማታ ያስጠብቃል። ቨርቹዋል የሚባለው፣ በኮምፒውተር የተሠራው ጨዋታ፣ ግን በየጥቂት ደቂቃው አንድ "ጨዋታ" አለው። እንደ አቪዬተር ያለው ደግሞ በሴኮንዶች ያልቃል። አቪዬተር ከሚያስይዙት 97 በመቶ ይመልሳል ተብሎ ነው የሚቀርበው፤ ከኳሱ ትኬት እጅግ የተሻለ ይመስላል፣ አይደል? 10 ብር በደቂቃ ሁለት ጊዜ ብታስይዙ በሰዓት 120 ዙር ነው፣ 1,200 ብር ነው ያዞራችሁት፣ በአማካይ 36 ብር ተበላ። ያው 10 ብር ነው ስትሉ የምትጫወቱት በ1,200 ብር ነው። ፍጥነቱ ነው የሚበላው። ሕግ አውጪ አንድ ነገር ብቻ እንዲይዝልኝ ብጠየቅ ይህን ነበር የምሰጠው፦ መቶኛውን ሳይሆን ሰዓቱን ቁጠር።

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው። ድሃውን ለይቶ መከልከል።

ሲንጋፖር በ2010 እ.ኤ.አ. ሁለት ካዚኖ ስትከፍት የውጭ እንግዳ በነጻ ይግባ፣ ዜጋና ቋሚ ነዋሪ ግን ለ24 ሰዓት 100 የሲንጋፖር ዶላር ይክፈል አለች። በ2019 ወደ 150 ከፍ አደረገችው። ከዚህም አልፋ፣ ከመንግሥት የገንዘብ ድጎማ የሚቀበሉ ሰዎችና ኪሳራ የታወጀባቸው በሕግ በቀጥታ እንዳይገቡ ተደረጉ። ማመልከቻ የለም፣ ምክር የለም፤ በሩ ላይ መታወቂያ ሲታይ "አይቻልም" ይባላሉ። ሚስት ወይም ወላጅም አመልክቶ ማስከልከል ይችላል። ይህ የሚሠራው ለምንድን ነው? ሁለት በር ስለሆነ ነው። ሁለት በር፣ ሁለት ዘበኛ፣ አንድ መዝገብ።

ብራዚል ስልክ ላይ ሞከረችው። የማዕከላዊ ባንኩ በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ያወጣው ግምት አገር አነጋገረ፦ ቦልሳ ፋሚሊያ ከሚባለው የድሃ ቤተሰቦች ድጎማ ተጠቃሚዎች 5 ሚሊዮን የሚሆኑት በነሐሴ ወር ብቻ ወደ 3 ቢሊዮን ሬያል ለአወራራጅ ድርጅቶች ልከዋል። በኅዳር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የድጎማ ገንዘብ ለውርርድ እንዳይውል እርምጃ ይወሰድ ብሎ አዘዘ። በ2025 የገንዘብ ሚኒስቴሩ ድርጅቶቹ የደንበኛውን የግብር ቁጥር ከድጎማ ተቀባዮች መዝገብ ጋር እንዲያስተያዩ መመሪያ አወጣ። ጥሩ ይመስላል። ግን አስቡት፤ ድጎማው በአብዛኛው የሚከፈለው በእናት ስም ነው። የሚወራረደው ግን የማን ስልክ ነው? የልጁ። መዝገቡ እናትየዋን ይይዛል፣ ልጁን አያውቀውም።

እኛ ዘንድስ? በሴፍቲኔት የታቀፉ ሰዎች መዝገብ አለን፣ አውቃለሁ። ግን ትኬት ቤቱ ደጅ የተሰለፈው ማን ነው? የታክሲ ረዳት፣ ጥበቃ፣ ተሸካሚ፣ የግንባታ የቀን ሠራተኛ። ደመወዙ በየትኛው መዝገብ ነው የተጻፈው? የትም። የሌለ መዝገብ ተጠቅሞ የሚከለክል ሕግ በወረቀት ላይ ያምራል እንጂ አንድ ትኬት አያስቀርም።

"መብቱስ? ድሃ ስለሆነ በላቡ ያገኘውን 20 ብር እንደፈለገ እንዳያወጣ ማን ነው የሚከለክለው?" የሚሉ አሉ። ይህን ክርክር አከብራለሁ። ሀብታሙ በሆቴል ካርታ ሲጫወት ዝም ብሎ ሊስትሮውን ብቻ የሚይዝ ሕግ ደስ አይለኝም። መንግሥት የራሱን ድጎማ "ለዚህ አላዋልኩትም" ቢል ይገባኛል። ሰው በላቡ ባገኘው ላይ ግን "አንተ ድሃ ነህና አትችልም" ማለት ስድብ ነው። ደግነቱ እንዲህ ማለት አያስፈልገንም። ለሁሉም እኩል የሆነ ገደብ ድሃውን ነው ይበልጥ የሚጠብቀው። እንዴት?

እንግሊዝን እዩ። በየመንገዱ በነበሩት የውርርድ ቤቶች ውስጥ በየ20 ሴኮንዱ እስከ 100 ፓውንድ የሚዋጥባቸው ማሽኖች ነበሩ። በሰዓት 180 ዙር፣ 18,000 ፓውንድ ማስያዝ ይቻላል ማለት ነው! ማሽኖቹ በዝተው የታዩት ደግሞ በድሃ ሰፈሮች ነበር። በሚያዝያ 2019 ጣሪያው ወደ 2 ፓውንድ ወረደ። ገቢህ ስንት ነው ብሎ የጠየቀ የለም፤ ማሽኑ ብቻ ነው የታሰረው። በሚያዝያ 2020 በክሬዲት ካርድ መወራረድ ተከለከለ፤ በተበደረ ገንዘብ አትጫወትም ነው ነገሩ። ኖርዌይማ በ2007 እ.ኤ.አ. ማሽኖቹን ጨርሳ ካወጣች በኋላ በምትካቸው የግል ካርድና የኪሳራ ገደብ ያላቸውን አስገባች። ጀርመን ከሐምሌ 2021 ጀምሮ አንድ ሰው በሁሉም የኦንላይን ድርጅቶች ላይ ተደምሮ በወር 1,000 ዩሮ ብቻ እንዲያስገባ፣ የማሽን ጨዋታው ደግሞ በዙር ከ1 ዩሮ እንዳይበልጥ፣ ዙሩም ከ5 ሴኮንድ እንዳያጥር አደረገች።

ዝም ብሎ መዝጋትስ? ሞክረናል። በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የውርርድ ቤቶች ሲታሸጉ ብዙ ወላጅ እልል አለ። ስልኩን ግን ማን አሸገው? ጎረቤታችን ኬንያ ግን ትክክለኛውን በር አግኝታ ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. የ27 ድርጅቶች ፈቃድ ሳይታደስ ሲቀር፣ መንግሥት ሱቅ ለሱቅ አልዞረም። በኤምፔሳ የሚቀበሉበት የክፍያ ቁጥር እንዲዘጋ ለቴሌኮሙ ጻፈ። ገንዘቡ የሚገባበት በር ተዘጋ። በኋላ አንዳንዶቹ በሌላ ስም ተመልሰው ገቡ፣ እሱ የፖለቲካ ጉዳይ ነው። ትምህርቱ ግን ያቺው ናት፤ ጨዋታው የትም ሊሆን ይችላል፣ ገንዘቡ ግን በአንድ በር ነው የሚያልፈው።

ሦስተኛው ነጥብ እንግዲህ። የእኛ በር የት ነው? ቴሌብርና ባንክ ነው። አሁን ፋይዳም መጥቷል። ስለዚህ እላለሁ፦ ለአንድ የፋይዳ ቁጥር አንድ የወር ጣሪያ፣ በሁሉም ድርጅቶች ላይ ተደምሮ። ቁጥሩን ምክር ቤት ይከራከርበት፤ እኔ ብጠየቅ 500 ብር እላለሁ። ለባለ ሀብቱ ይህ የሻይ ነው፣ አይጎዳውም። ለቀን ሠራተኛው ከቤት ኪራዩ በፊት የቆመ ዘበኛ ነው። ጣሪያዬን ዝቅ አድርጉልኝ ላለ ወዲያው ይደረግለት፤ ከፍ አድርጉልኝ ላለ ግን 7 ቀን ይጠብቅ። ለምን 7? "ላስመልስ" የሚል ሰው ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነው የሚለው፤ በሳምንቱ ያ ትኩሳት በርዷል።

በስልክ ከሚገኘው ጥቃቅን ብድር የወጣ ገንዘብ በቀጥታ ወደ ውርርድ እንዳያልፍ ሲስተሙ ላይ ይዘጋ። በሴኮንዶች የሚያልቁት ጨዋታዎች፣ እኔን ብትሰሙኝ፣ ፈቃድ አያግኙ። ትኬቱ ላይ ደግሞ ከኦዱ ጎን "የመግባት ዕድል፦ ከ117 አንድ" ተብሎ ይታተም። ኮምፒውተሩ እንደሆነ ያውቀዋል፤ ኦዱን ያወጣው እኮ ራሱ ነው!

ምን ሊበላሽ ይችላል? ሁለት ነገር። የመጀመሪያው አካውንት ማከራየት ነው። የወንድሙን፣ የጓደኛውን፣ የአያቱን ፋይዳ ይዞ ይመጣል። መድኃኒቱ ገንዘቡ ከሚወጣበት አካውንት ስምና ከተጫዋቹ ስም ሲለያይ ክፍያው እንዳያልፍ ማድረግ ነው፤ የሚያሸንፈውም ገንዘብ ወደዚያው ስም ብቻ ይመለስ። ሁለተኛው ወኪሉ ነው። ቤቱ ውስጥ የተቀመጠው ወኪል ጥሬ ገንዘብ ተቀብሎ በራሱ አካውንት ለሃያ ሰው ይቆርጣል። ይህን ለማግኘት መርማሪ አያስፈልግም፤ በቀን ሰማንያ ትኬት የሚቆርጥ አንድ "ተጫዋች" ሪፖርቱ ላይ ራሱን ያጋልጣል። የሚያየው ሰው ከተቀመጠ ነው ታዲያ።

እሱን ነው ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ። የሚያየው ማን ነው? ትኬት የሚሸጠው ተቋም የትኬት ሻጮች ተቆጣጣሪ ከሆነ፣ ገደብ በተጣለ ቁጥር የራሱን ገቢ ይቀንሳል። ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም፤ ማንም ሰው እንጀራውን በራሱ ቢላ አይቆርስም። ፈቃድ ሰጪውና ሻጩ ይለያዩ። ይህ ሳይሆን ሌላውን ሁሉ ብንጽፍ በመሳቢያ ይቀራል።

ወላጆች፣ ሕጉ እስኪመጣ ቤት ውስጥ የምታደርጉት አንድ ነገር ብቻ ልናገር። ልጁ ተበልቶ ዕዳ ሲገባ ዕዳውን ዝም ብላችሁ አትክፈሉለት። ለእሱ ያ "ገባልኝ" ማለት ነው፤ ቤተሰብም እንደ ትኬት ይከፍላል ብሎ ይማራል። መጀመሪያ አብራችሁ ተቀመጡና የሦስት ወር የቴሌብር የግብይት ዝርዝሩን መስመር በመስመር ደምሩ። ብዙዎቹ ድምሩን አያውቁትም። "በወር መቶ፣ ሁለት መቶ ነው" የሚለው ልጅ ወረቀቱ ላይ ሌላ ቁጥር ያያል። ሳትሳደቡ፣ ዝም ብላችሁ ደምሩ። ከዚያ ነው ስለ ዕዳው ማውራት።

እዚያ ጥግ ያለው ወንድሜ 1.50 ኦድ ካልኩበት ሰዓት ጀምሮ እጁን እንዳወጣ ነው። "እኔ 10 አልቆርጥም፣ 3 ነው የምቆርጠው" ሊለኝ ይመስለኛል። ማይክሮፎኑን አቀብሉት፤ ካልኩሌተሩንም አብራችሁ።